የሕዝብ ቦታን የሚያጠና የአርክቴክቸር ስቱዲዮ ለአንዲት ወረዳ ከተማ ይጠቅማል?

የጮቄ ሥር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ጉዳዩ ገና በማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ እየተመከረበት ስለሆነ ከተማዬን በስም አልጠራትም። በመናኸሪያችንና በቅዳሜ ገበያው መካከል አንድ ሄክታር ተኩል ያህል የሚሆን ሜዳ አለ። በሰሜን ጫፉ አንድ ትልቅ ዋርካ ቆሟል። ቅዳሜ ቅዳሜ እህል የሚያመጡ ገበሬዎች አህዮቻቸውን ያሳርፉበታል፤ በአዘቦት ቀን ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ለቅሶ ሲሆን እድሩ ድንኳን ይተክልበታል፤ በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርዱ ሕዝቡ የሚቆመውም እዚያው ነው። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል።

ዘንድሮ ለዚህ ሜዳ ማልሚያ የሚሆን በጀት ተገኝቷል። በተለመደው አሠራራችን ቢሆን ጨረታ አውጥተን ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ አማካሪ ድርጅት እንሰጠዋለን፤ እርሱም በአንድ ወር ውስጥ ፏፏቴ፣ የዘንባባ ረድፍና የሚያብረቀርቅ ንጣፍ ያለበት ባለ ቀለም ሥዕል ያመጣልናል። እንዲያውም አንድ ድርጅት ገና ጨረታ ሳይወጣ እንዲህ ያለ ረቂቅ «ለመነሻ ይሁናችሁ» ብሎ ሰጥቶናል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ግን ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዳ ስትመለስ፣ በዘመናዊ ከተሞችና በሕዝብ ቦታዎች ላይ ብቻ የሚሠሩ ስቱዲዮዎች እንዳሉ፣ እነርሱም እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት ለሳምንታት ቦታው ላይ ተቀምጠው ሰው እንደሚቆጥሩ ነገረችን። ይህን በስብሰባ ላይ ስታነሣ ከኃላፊዎቻችን አንዱ «ሰው ለመቁጠር ገንዘብ የሚከፈልበት አገር አላየሁም» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። እኔም አብሬ ስቄአለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን፣ በዚያ ሜዳ ላይ ሃያ ዓመት ስመላለስ ኖሬ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍበት አጥርቼ መናገር እንደማልችል ተረዳሁ።

ስለዚህ ሙያው ያላችሁን ልጠይቅ። እንዲህ ያለው ስቱዲዮ ከተራው አማካሪ ድርጅት የሚለየው በምንድን ነው? ልዩነቱ ለትልልቅ ከተሞች የሚሆን ቅንጦት ነው ወይስ ለእኛም ይሠራል? ይሠራል የምትሉ ከሆነስ፣ ቢጋሩን (አማካሪው የሚሠራውን የሚዘረዝረውን ሰነድ) እንዴት ብንጽፈው ነው ገንዘቡ ለጥናት ውሎ በሥዕል ብቻ የማይቀረው?

አባይ ማዶ

ለጠያቂው፦ ጥያቄዎ በሰዓቱ መጥቷል፤ ውል ከተፈረመ በኋላ ቢሆን ኖሮ የምንጽፈው ሁሉ ለጸጸት ብቻ በሆነ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ አነስተኛ ስቱዲዮ የምሠራ አርክቴክት ስለሆንሁ፣ የምናገረውን ሰው የገዛ ገበያውን እንደሚያደምቅ አድርገው ቢጠረጥሩኝ አልቀየምም።

ሕንፃ የሚነድፍ ቢሮ ደንበኛው ከፊቱ ተቀምጧል፤ ስንት ክፍል፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈልግ ራሱ ይነግረዋል። በሕዝብ ቦታ ግን የሚከፍለው ማዘጋጃ ቤቱ ሲሆን የሚጠቀመው ሌላ ሰው ነው። ያ ተጠቃሚ ደግሞ አህያውን ዋርካው ሥር ትቶ ቢሮዎ ድረስ በመምጣት «እኔ የምፈልገው ይህን ነው» አይልም። ስቱዲዮው ፍላጎቱን ከሜዳው ላይ ማንበብ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ባልደረባዎ «ሰው መቁጠር» ያሉትም ይህንኑ ነው። የሚመዘገበው የአላፊው ብዛት ብቻ አይደለም። ማን ይቆማል፣ ማን ይቀመጣል፣ የሚቀመጠው በድንጋይ ላይ ነው በጆንያ ላይ፣ በስምንት ሰዓት የዋርካው ጥላ የት ይደርሳል፣ እግረኛው ሜዳውን በየት በኩል ሰንጥቆ ያልፋል፣ ከመሸ በኋላስ የሚቀረው ማን ነው የሚለው ሁሉ በካርታ ላይ ይሰፍራል። ይህ በገበያ ቀን፣ በአዘቦት ቀን፣ በእሑድና ቢቻል በዝናብ ወቅት መደገም አለበት፤ የአንድ ቀን ቆጠራ የአንድ ቀን እውነት ብቻ ነውና።

ኃላፊዎ አላየሁም ያሉት አገር አለ። ኮፐንሃገን ውስጥ ስትሮየት የተባለው ዋና የገበያ መንገድ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 ለመኪና ሲዘጋ ባለ ሱቆቹ ደንበኛ ይጠፋብናል ብለው ፈርተው ነበር። ያን ፍርሃት በክርክር ብቻ መመለስ አይቻልም ነበር። ያን ጌል የተባለው አርክቴክትና ባልደረቦቹ በከተማዋ መሐል ያሉትን ጎዳናዎችና አደባባዮች በ1968፣ በ1986 እና በ1995 በተመሳሳይ ዘዴ ስላጠኗቸው፣ ማዘጋጃ ቤቱ የእግረኛ መንገድና አደባባይ በጨመረ ቁጥር ሰው ምን ያህል ወጥቶ እንደሚቀመጥ በቁጥር ማየት ቻለ። ጌል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ከአንዲት ባልደረባው ጋር የከፈተው ቢሮ የተነሣው ከዚህ የቆጠራ ልማድ ነው።

ኒው ዮርክ ደግሞ የተገላቢጦሹን ትምህርት ከፍላ ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የከተማዋ የግንባታ ደንብ በሕንፃው ፊት ለሕዝብ የሚሆን ክፍት ቦታ ለተወ ባለሀብት ተጨማሪ ወለል እንዲሠራ ይፈቅድ ስለነበር፣ ባለ ሕንፃዎቹ ክፍት ቦታውን ተዉ፤ ብዙው ግን ሰው የማይቀመጥበት ባዶ ንጣፍ ሆነ። ለምን እንደሆነ በፊልም እየቀረጹ ያጠኑ ሰዎች ያገኙት መልስ ሕፃን እንኳ ሊገምተው የሚችል ነበር፦ መቀመጫ የለም። በ1975 ደንቡ ሲሻሻል የመቀመጫ ግዴታ ገባበት።

ለእርስዎ ሜዳ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቦርዶ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የፈረንሳይዋ የቦርዶ ከተማ የሕዝብ አደባባዮቿን የማስዋብ ዕቅድ ይዛ ሌዮን ኦኮክ የተባለውን አነስተኛ አደባባይ ለአን ላካቶንና ለዣን ፊሊፕ ቫሳል ስቱዲዮ ሰጠች። ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ነው፤ ዙሪያውን ዛፎች አሉ፣ ከዛፎቹ ሥር አግዳሚ ወንበሮች አሉ፣ መሐሉ ኳስ የሚንከባለልበት ሜዳ ነው። አርክቴክቶቹ ደጋግመው ሄደው ቦታውን ተመለከቱ፣ ነዋሪዎቹን አነጋገሩ። በመጨረሻም አደባባዩ እንዳለ ያማረ ስለሆነ ጠጠሩ ይቀየር፣ ዛፎቹ ይታከሙ፣ ጽዳቱ ይዘውተር፣ ሌላ ምንም አይነካ ብለው ጻፉ። ቫሳል በወጣትነቱ በኒጀር የከተማ ፕላን ይሠራ የነበረ ሰው ነው፤ ባለው ነገር መብቃቃትን ከዚያ ይዞት ሳይመጣ አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በ2021 የአርክቴክቸር ታላቅ ሽልማት የሆነውን የፕሪትስከር ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ምንም ያልሠሩበት ያ አደባባይ ከታወቁ ሥራዎቻቸው እንደ አንዱ ሲጠቀስ ነበር።

እንግዲህ የቢጋሩ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። የአማካሪው ክፍያ ከግንባታው ዋጋ በመቶኛ የሚታሰብ ከሆነ «ትንሽ ሥሩ» ብሎ የሚመክር ሰው የገዛ እንጀራውን ይቆርጣል። ስለዚህ ጥናቱን ከዲዛይኑ ለዩት። ለጥናቱ ቁርጥ ዋጋ ይቀመጥለት፤ ውጤቱም ባለ ቀለም ሥዕል ሳይሆን የአጠቃቀም ካርታና የውሳኔ ሐሳብ ይሁን። ወደ ዲዛይን መሄድ አለመሄዱ ጥናቱን ካያችሁ በኋላ ይወሰን። ዝቅተኛ ዋጋ ብቻውን አሸናፊ እንዳይሆን ደግሞ የምርጫው መስፈርት ለሙያ ብቃት ከፍተኛውን ነጥብ ይስጥ።

እኔ የምኖርባት ባሕር ዳርም የምታስተምረው አላት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር የመራው ማስተር ፕላን ሰፋፊ መንገዶችን አውርሶናል፤ በዘንባባው ጥላ ሥር ስንሄድ የምናመሰግነው ያንን ነው። ከሐይቁ ዳር ግን ብዙው ክፍል በሆቴልና በመሥሪያ ቤት አጥር ተይዞ ስለኖረ፣ ጣና አፍንጫችን ሥር ሆኖ ውኃውን ለማየት ሻይ ማዘዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር። በወረቀት ላይ ሰፊ የሆነ ቦታ በአጥር ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ባለ ውኃ ልክ

ከአባይ ማዶ ጋር በብዙው እስማማለሁ፤ ሆኖም ወንድሜ ቦርዶን ሲያነሣ ፈገግ አልሁ። እኔ በልዩ ልዩ የጎጃም ከተሞች በመሐንዲስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። «ምንም አትንኩ» የሚለው ምክር ጠጠሩ ባለበት ለሚቆይበት አገር ጥሩ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚወርደው ዝናብ ጥቁር አፈር ላይ ጠጠር ብትደፉ በሚቀጥለው ዓመት ጠጠሩን ፈልጋችሁ አታገኙትም። ስለዚህ ቆጠራው ከመጀመሩ በፊት ወይም ጎን ለጎን የሜዳው ከፍታና ዝቅታ ይለካ፤ ኮንቱር (ከፍታን የሚያሳይ መሥመር) የሌለው ጥናት ለእኔ ጥናት አይደለም። ውኃው ከየት ይገባል፣ ወዴት ይወጣል፣ የመናኸሪያው ጎርፍስ የሚፈሰው ወደ ሜዳው ነው ወይስ ወደ መንገዱ? እንዲህ ባለ ሜዳ ላይ ጭቃው ራሱ ብዙውን ጊዜ የጎረቤት ውኃ ነው። ከላይ በኩል አንድ የተገነባ ቦይ ቢቀድም የሜዳው ችግር ግማሹ ሊቃለል ይችላል፤ ለዚህም ስቱዲዮ አያስፈልግም።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የከተማውን ስም አልጠራም። አደባባይ ሊሠራ ተብሎ የሚያብረቀርቅ ግራናይት መሰል ንጣፍ ተነጠፈ። ምረቃው በግንቦት ነበር፤ አማረ። ሐምሌ ሲገባ እናቶች ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ማለፍ ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁሉም አደባባዩን ትቶ በዳሩ ባለው አፈር ላይ ይዞር ጀመር። አንድ ጠዋት ወተት የተሸከመች ልጅ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወተቱ በዚያ ለስላሳ ንጣፍ ላይ እስከ ፏፏቴው ድረስ ሲሄድ የሚያቆመው አልነበረም። ፏፏቴው ራሱ ፓምፑ ከተቃጠለ በኋላ የሚጠግነው ሳያገኝ የሶፍት፣ የማስቲካ ልጣጭና የፕላስቲክ ጠርሙስ ማጠራቀሚያ ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የከፋኝ ግን ዛፉ ነው። ለማሳመር ተብሎ ሥሩ ተቆርጦ ሲሚንቶው እስከ ግንዱ ድረስ ተሞላ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በአንድ በኩል መድረቅ ጀመረ። ዋርካ ጽኑ ዛፍ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥሩ ውኃና አየር ይፈልጋል። የእናንተን ዋርካ ቢያንስ ቅርንጫፉ እስከሚያጠላበት ድረስ በሲሚንቶ እንዳታፍኑት አደራ እላለሁ።

መነጠፍ ያለበት ክፍል ካለ ኮብልስቶን ይሁን። በጎጃም የባዛልት ድንጋይ ሞልቷል፤ ጠራቢውም ነጣፊውም የአካባቢው ልጅ ነው፤ የቧንቧ መሥመር ሲበላሽ ድንጋዩ ተነሥቶ ተመልሶ ይነጠፋል፤ ገጹም ሸካራ ስለሆነ አያንሸራትትም። ለጋሪና ለተሽከርካሪ ወንበር ግን ስለሚያንገጫግጭ፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ድረስ አንድ ለስለስ ያለ ግን የማያንሸራትት መተላለፊያ ይተውለት።

ሌላው ከስቱዲዮም ከጨረታም በፊት የሚቀድም ነው። ሜዳው በመዋቅራዊ ፕላናችሁ ላይ ምን ተብሎ ተመዝግቧል? በአገራችን የፕላን ደረጃ ከከተማው መሬት 30 በመቶው ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ መገልገያ፣ የቀረው 40 በመቶ ለግንባታ መዋል አለበት ይባላል። በወረቀት ላይ አረንጓዴ የተቀባው ግን አጥርም ካርታም ስለሌለው፣ «ለጊዜው» በሚል ቃል አንድ ጊዜ ለማከማቻ፣ አንድ ጊዜ ለሱቅ እየተቆረሰ ሲያልቅ አይተናል። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የጸደቀ ፕላን ካላችሁ ያንን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ ወሰኑን በችካል አስተክሉ። ጥናቱ ወሰኑ ባልተረጋገጠ ሜዳ ላይ ከተሠራ፣ ጥናቱ ሲያልቅ ሜዳው ግማሽ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

የመንቆረር ልጅ

ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው፤ የስሜ ምክንያት ለማይገባው፣ ከተማችን የዛሬውን ስም ከቤተ ክርስቲያኑ ከማግኘቷ በፊት የምትጠራው በዚህ ነበር። መምህርት ነኝ እንጂ አርክቴክት አይደለሁም። ሁለቱም ወንድሞቼ ጥሩ ጽፈዋል፤ ማን ይቆጥራል የሚለውን ግን ማንም አላነሣውም።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ስለ ገበያ ጥናት እንዲሠሩ ልኬያቸው ነበር። ወንዶቹ ልጆች ያመጡት መዝገብ በሻጭ ሴቶች ረገድ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቆሙት በመንገዱ ዳር ነው፣ ጉልት የሚሸጡት እናቶች ደግሞ ከግንቡ ሥር ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ሸራቸውን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ሴት ልጆቹ ግን አጠገባቸው ተቀምጠው ስለ ጠየቋቸው፣ ለምን ግንቡን እንደሚመርጡ ሳይቀር ጽፈው መጡ፦ ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ የለም፣ ከቀትር በኋላ ጥላ አለ፣ ገንዘብ ሲቆጥሩ ከጀርባ የሚያይ የለም። አዲሱ ሥዕላችሁ ያንን ግንብ አፍርሶ በምትኩ ቆንጆ አግዳሚ ወንበር መሐል ሜዳ ላይ ቢያስቀምጥ፣ ወንበሩ ለማን እንደተሠራ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ በቢጋሩ ውስጥ ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ግማሾቹ ሴቶች ይሁኑ ብላችሁ ጻፉ። መጸዳጃ ቤትም ይጻፍ፤ ከንጋት እስከ ማታ ገበያ የምትውል ሴት ከፏፏቴ በፊት የሚያስፈልጋት እርሱ ነው፤ ለመናገር ስለምታፍር ብቻ አይቀርባት።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ሜዳውን በዕቃ አትሙሉት። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው፣ ፈረሶቹ የሚጋልቡት ሰፊና ክፍት ሜዳ ስለተገኘ መሆኑን ያውቃል። የእናንተም ሜዳ ድንኳኑንም ኳሱንም ታቦቱንም የሚያስተናግደው በመሐሉ ምንም ስለሌለ ይመስለኛል።

የጮቄ ሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ምክራችሁን ካነበብሁ በኋላ ጨረታ ሳልጠብቅ ከባልደረባዬና ከአራት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር (ሁለቱ ሴቶች ናቸው) ባለፈው ቅዳሜ ከንጋቱ ጀምሮ እስከ ማታ ሜዳው ላይ ዋልን። ድርጅቱ በሰጠን ረቂቅ ቅጂ ላይ በእርሳስ ምልክት እያደረግን ነበር።

ካየነው ሁሉ አንዱን ልንገራችሁ። እኛ ሜዳውን ባዶ አድርገን ስንገምት ኖረናል፤ ለካ በመሐሉ ከመናኸሪያው ጥግ ተነሥቶ በአግድም ወደ ወፍጮ ቤቱ የሚወርድ መንገድ አለው። ማንም አልሠራውም፤ እግርና ኮቴ ያወጣው ነው፤ ከሌላው መሬት ይልቅ የጠነከረና ሣር የማይበቅልበት። አህዮቹም፣ እህል የተሸከሙት ሴቶችም፣ ከአውቶቡስ የሚወርደውም ሁሉ በእርሱ ላይ ነው የሚሄደው። በረቂቁ ላይ ብናሰፍረው ፏፏቴው የተሣለው በትክክል በዚያ መንገድ መሐል ላይ ሆኖ አገኘነው። ሥዕሉን ለኃላፊያችን ሳሳያቸው በዚህ ጊዜ አልሳቁም፤ ጥቂት ዝም ብለው «ጠንቋይ እንኳ ቢሆን እንዲህ አያነጣጥርም» አሉ።

አባት ባለ ውኃ ልክ፣ የወሰኑ ነገር እንዳሉት ነው። በፕላኑ ላይ ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ችካል ግን በአንድ ማዕዘን ብቻ ነው ያገኘነው። ቀያሽ ተመድቧል። አሁን የቀረኝ ስቱዲዮው «ጥቂት ይሠራ» ብሎ የመምከር ነጻነት እንዲኖረው በቢጋሩ የሚገባው አንቀጽ ነው። አባይ ማዶ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢሰጡኝ ወሮታዎን እግዚአብሔር ይክፈልዎ።

አባይ ማዶ

በአባት ባለ ውኃ ልክ መታረሜን እቀበላለሁ፤ ጠጠሩን ከቦርዶ አላመጣም። ለአንቀጹ እንዲህ ብላችሁ ብትጽፉ ይበቃል፤ በሕግ ክፍላችሁ በኩል ይለፍ፦

«አማካሪው በመጀመሪያው ምዕራፍ የሜዳውን ከፍታና የውኃ ፍሰት፣ እንዲሁም በገበያ ቀን፣ በአዘቦት ቀንና በበዓል ያለውን የአጠቃቀም ሁኔታ ሴቶችና ወንዶች በእኩል ቁጥር በሚሳተፉበት መረጃ ሰብሳቢ ቡድን አጥንቶ በካርታ ያቀርባል፤ ለዚህ ምዕራፍ የሚፈጸመው ክፍያ ቁርጥ ሆኖ ከግንባታው ዋጋ ጋር አይያያዝም፤ የውሳኔ ሐሳቡ ከቦታው ላይ ምንም ወይም ጥቂት ብቻ እንዲለወጥ የሚያመለክት ቢሆንም ክፍያው አይቀነስም።»

የጮቄ ሥር (ጠያቂ)

ደርሶኛል። «በበዓል» ከሚለው ቀጥሎ «በለቅሶ ቀን» የሚል ጨምሬበት ሰኞ ለኮሚቴው አቀርበዋለሁ።